«በዘራቸው አለ» ሲባል ምን ማለት ነው? የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የምጽፍላችሁ ከመርሐቤቴ ነው። ሽማግሌ ልኬ እሺ ተብያለሁ። አሁን ግን ወላጆቼ የእጮኛዬ አባትና አጎት እግራቸው ያበጠ መሆኑን ሰምተው «ዝሆኔ በዘራቸው አለ፤ ልጆችህም ይወርሱታል» በማለት ሠርጉን ሊያስቀሩት ነው። እሷ ምንም የላትም። እውነት በዘር ይወርዳል?

መልስ፦ ሠርግ የሚያስቀር ነገር የለም። በዘር የሚወርደው ተጋላጭነቱ እንጂ በሽታው አይደለም። ተጋላጭ የሆነውን ሰው ከበሽታው የሚለየው ደግሞ ጫማ ነው።

በቅድሚያ የአባትና የአጎቷ ሕመም ይጣራ። በቀይ ሸክላማ አፈር ላይ በባዶ እግር የሚሠራን ሰው የሚይዘው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የዝሆኔ ዓይነት ከእግር ጣቶችና ከውስጥ እግር ተነሥቶ ወደ ላይ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እግር ይይዛል፤ ከጉልበት የሚያልፈው ግን አልፎ አልፎ ነው። በቆላ አገር ትንኝ የምታስተላልፈው ትል የሚያመጣው ዝሆኔ ግን ብሽሽትንና የወንድን የዘር ፍሬ ከረጢትም ያሳብጣል። እግሩ መንካት የማይሰማው ከሆነ የሥጋ ደዌ ምርመራ ያስፈልገዋል።

ፖዶኮኒዮሲስ ከሆነ፣ መነሻው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ መፈራረስ የተፈጠረ አፈር ነው። ደቃቅ ማዕድኑ በእግር ቆዳ ይገባል፤ ትርፍ ፈሳሽን ከሰውነት የሚያነሡትን የሊምፍ ቧንቧዎች ያስቆጣል፤ በዓመታት ውስጥ ቧንቧዎቹ ጠባሳ ሆነው ይዘጋሉ። ታዲያ አብረው በባዶ እግር ካረሱ ወንድማማቾች አንዱ ታሞ ሌላው ለምን ይተርፋል? እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ በደቡብ ኢትዮጵያ 59 ቤተሰቦች ላይ የተሠራ ጥናት፣ የሕመምተኛ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድል ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ያህል መሆኑን፣ የዘር ድርሻውም 63 በመቶ መሆኑን ገምቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 ሕሙማንን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው ምልክቱን በ6ኛው ክሮሞሶም፣ ኤችኤልኤ በሚባለው ስፍራ አገኙት። እነዚህ ዘረ መሎች የሰውነት መከላከያ ባዕድ ነገርን እንዲለይ የሚያሳዩ ናቸው። የመገጣጠሚያ ብግነት (ሩማቶይድ አርትራይተስ) እና የልጆች ስኳር በሽታ ተጋላጭነትም ከዚሁ ስፍራ ጋር የተያያዘ ነው።

63 በመቶ ማለት ግን «ልጄ 63 በመቶ ይታመማል» ማለት አይደለም። ሁሉም አፈሩን በባዶ እግሩ በሚረግጥበት አገር አንዱ ታሞ ሌላው ለመትረፉ የዘር ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ የሚለካ ቁጥር ነው። ሁሉም ጫማ በሚያደርግበት መንደር ያው ዘረ መል ይኖራል፤ በሽታው አይኖርም። ስለዚህ ልጆቻችሁ መሄድ ከጀመሩበት ቀን አንሥቶ የተሸፈነ ጫማና ካልሲ ያድርጉ። በረባሶ ክፍት ስለሆነ አይበቃም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ለገበያ ተጫምቶ ለእርሻና ለአረም ሲያወልቅ ነው።

ለአባቷም ይንገሩልን። በየቀኑ እግርን 15 ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ነክሮ በሳሙና ማጠብ፣ የጣቶቹን መሐል ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡ ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይጠቅማል። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት፣ እግር በድንገት ግሎና አብጦ የሚጥልበት ጊዜ እንዲህ ያለ እንክብካቤ ወዲያው ባገኙት ላይ ለአንድ ሰው በዓመት 19.4፣ ገና ባላገኙት ላይ ደግሞ 23.9 ሆኗል። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም እያንዳንዱ ጊዜ ገበሬውን ቀናት ያስተኛዋል።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። የፖዶኮኒዮሲስን ዘረ መል ለማጥናት 100 ሕሙማንና ጤና ጣቢያ ከሚመጡት 100 ጤነኞች ደም ልወስድ አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ ዕቅድሽን የሚያበላሹት ጤነኞቹ ናቸው። ጤና ጣቢያ የሚመጣ ወጣት ነገ ሊታመም ይችላል፤ ከልጅነቱ ጫማ ያደረገ ከሆነም ለአፈሩ አልተጋለጠምና ስለ ዘሩ ምንም አይነግርሽም። ከሕሙማኑ ቀበሌ፣ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ለረጅም ዘመን በባዶ እግር የኖሩ፣ በቤተሰባቸው ሕመሙ የሌለባቸውን ምረጪ። ይህ ከላብራቶሪው ይበልጣል።

ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሽማግሌዎች መኖራቸው ለቤተሰብ ሐረግ ትልቅ ሀብት ነው። ግን የታመመ ዘመድ ለጋብቻ ሲባል ይደበቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን ለብቻው ጠይቂ፤ የሚገኘውንም ዘመድ እግሩን ራስሽ እዪ። ዝምድናውን ካልመዘገብሽ ስሌቱ የአጎት ልጆችን እንደ ባዕድ ይቆጥርና የሌለ ግንኙነት ያሳይሻል። አማራና ኦሮሞ ተቀላቅሎ በሚኖርበት ሸዋ ሕሙማኑ ከአንዱ፣ ጤነኞቹ ከሌላው ከበዙም የምትለኪው በሽታውን ሳይሆን የትውልድ ልዩነቱን ነው።

ደሙን 5 ሚሊ ሊትር ሐምራዊ ክዳን ባለው ቱቦ ቅጂና ወዲያው 8 እስከ 10 ጊዜ በዝግታ ገልብጪው፤ ካልተገለበጠ ይረጋል። አረንጓዴ ክዳን ያለውን ተዪው፤ ውስጡ ያለው ሄፓሪን የተባለ የደም ማቅጠኛ፣ ዘረ መልን የሚያባዛውን ፒሲአር የተባለ የላብራቶሪ ሥራ ያግዳል። ማቀዝቀዣ ከሌለ መከላከያ ፈሳሽ ባለው ዕቃ 2 ሚሊ ሊትር ምራቅ ይሻላል፤ ተሳታፊው ቀደም ብሎ ለ30 ደቂቃ አይብላ፣ አይጠጣ። የሕሙማንንና የጤነኞችን ናሙና ለየብቻው እንደ ሆነ፣ በአንድ የላብራቶሪ ሳህን ላይ አሰባጥረሽ ደርድሪ። በ200 ሰው ሙሉውን ዘረ መል ለማሰስ አትነሺ፤ ቀደም ሲል ምልክቱ በተገኘበት፣ ክፍል ሁለት በሚባለው የኤችኤልኤ ወገን ላይ ብቻ አተኩሪ።

ፈቃድ ስትጠይቂ «የዘር በሽታ» አትበይ፤ «ተጋላጭነት» በዪ። የጥናት መኪና በደጁ የቆመበት ቤት ልጁን መዳር ሊቸግረው ይችላል።

ጥያቄ፦ እኔ የመገጣጠሚያ ብግነት አለብኝ። ልጄ ዘረ መሏን ትመርመር?

መልስ፦ አያስፈልግም። ተመሳሳይ መንትዮች እንኳ አንዷ ታማ ሌላዋም የምትታመመው ከ100 ወደ 15 ያህሉ ብቻ ናቸው። ልጅዎ የሁለቱም እጆቿ ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ካበጡ፣ ጠዋት ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ ከደረቁና ሕመሙ 6 ሳምንት ከዘለቀ ግን ቶሎ ሐኪም ይያት። እርስዎም ለዚሁ ብግነት የሚሰጠው ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ታዞልዎ ከሆነ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ነው። በየቀኑ ከተወሰደ የደም ማምረቻውን መቅኒ ያጠፋል፤ ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም።