ውሃውን ድፊው

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። «እናቴ ኩላሊቷ ደክሟል፣ ደሟ ውስጥ ያለው ፖታሲየም (ኩላሊት የሚያስወግደው ማዕድን) 5.8 ገብቷል፣ አትክልት ከነጭራሹ ላስተዋት ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም ኩላሊቱ ለደከመ አባቴ ስድስት ዓመት ሳበስል ስለኖርኩ የደረሰብኝን ልንገርሽ።

እኛም መጀመሪያ ያደረግነው ይህንኑ ነው። ደንግጠን አትክልት የሚባል ከቤት አጠፋን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሆዱ ደረቀ፣ የምግብ ፍላጎቱም ተዘጋ። ለካ ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም ከወትሮው በበለጠ በሰገራ ይወጣል። ሆድ ሲደርቅ ይሄም መውጫ ይዘጋል። ልናወርደው ብለን ጭራሽ አስቀረነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ግን የባሰ ነው። አትክልት ሲቀቀል ፖታሲየሙ ወደ ውሃው እንደሚወጣ ተነገረኝ። እሺ ብዬ ድንቹን ቀቀልኩ። ከዚያ «ቫይታሚኑ ለምን ይባክናል» ብዬ ውሃውን ሾርባ ሠራሁበት! የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ስነግራት ራሷን ያዘች።

አሁን ድንች ስሠራ እልጠዋለሁ፣ በትንንሹ እቆርጠዋለሁ፣ በብዙ ውሃ እቀቅለዋለሁ፣ ውሃውን እደፋለሁ። እንዲህ ተቆራርጦ ሲቀቀል ፖታሲየሙ በግማሽ ያህል ይቀንሳል። ተፈቅፍቆ ከተቀቀለ ደግሞ እስከ ሦስት አራተኛው ሊወጣ ይችላል፤ ጣዕሙም አብሮ ይሄዳል እንጂ። ሌሊቱን መዘፍዘፍ ብቻ ይበቃል የሚሉሽን አትስሚ። ቀዝቃዛ ውሃ ብዙም አያወጣም፣ ሥራውን የሚሠራው መፍላቱ ነው። በእንፋሎት ማብሰል፣ መጥበስና በምድጃ መጋገርም ፖታሲየሙን እዚያው ያስቀሩታል።

መጠኑም ያታልላል። አንድ ኩባያ ጥሬ ስፒናች 170 ሚሊ ግራም ገደማ ፖታሲየም አለው። ሲበስል ግን ድስት ሙሉ የነበረው እፍኝ ይሆናል፣ ግማሽ ኩባያው ብቻ ከ400 ያልፋል። ቆስጣም እንደዚያው ነው። ቲማቲም አንድ ሁለት ቁራጭ ሰላጣ ላይ ጉዳት የለውም፤ ድልሁ ግን የተጨመቀ ፖታሲየም ነው። የአትክልት ጭማቂም በዚሁ ሂሳብ ይታያል። ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ኪያር፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ሰላጣ ዝቅተኛ ስለሆኑ እኔ በብዛት የምሽከረከረው በእነሱ ላይ ነው። ግን ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሦስት ሳህን ከተበላ ያው ከፍተኛ ነው።

አንድ ነገር በጣም አደራ። ለደም ግፊት ይሻላል ተብሎ የሚሸጥ የጨው ምትክ አለ። ብዙው ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። አትክልቱን ስትቀቅዪ ውለሽ በማንኪያ መልሰሽ መጨመር ማለት ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚና ቅመማ ቅመም ይበቃሉ።

ደግሞ እናትሽን 5.8 ያደረሳቸው አትክልት ብቻ ላይሆን ይችላል። እንደ ኢናላፕሪልና ስፓይሮኖላክቶን ያሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶችም ፖታሲየም ከፍ ያደርጋሉ። ራስሽ እንዳታስቆሚያቸው፣ ሐኪማቸውን ጠይቂ። የደም ናሙናው ሲቀዳ ወይም ሲቆይ ሴሎቹ ፈንድተው ቁጥሩ በሐሰት ከፍ የሚልበትም ጊዜ አለ፤ ምርመራው ይደገም እንደሆነ ጠይቂ። ጤናማው ከ3.5 እስከ 5 አካባቢ ስለሆነ 5.8 ቀላል አይደለም፣ ቀጠሮ ድረስ አትጠብቂ። ልባቸው ካለ ወትሮው ከመታ ወይም ጡንቻቸው ከዛለ ደግሞ ምግቡን ትተሽ ያኔውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው።

ቁጥሩ ሲወርድ ገደቡም ይላላል። አባቴ አሁን 4.6 ላይ ነው። ትናንት ካሮትና ፎሶሊያ ቀቅዬ ሰጠሁት፣ «ጨው የለውም» ብሎ እያጉረመረመ ጨረሰው።