ማኑዋል ሱፕራህን ሸፍነህ ስለማስቀመጥ

ወንድሜ፣ የጠየቅከው ባጭሩ ይህ ነው። ባለ ስድስት ሲሊንደር ማኑዋል የቶዮታ ጂአር ሱፕራ አለችህ። ሳትነዳት ሸፍነህ ብታስቀምጣት ከሃያ ዓመት በኋላ እንደ ቀድሞዋ የዘጠናዎቹ ሱፕራ፣ እንደ ኤ80፣ ሰው የሚሻማባት ክላሲክ ትሆን እንደሆነ ማወቅ ፈልገሃል። የቆዩ ስፖርት መኪኖችን ስፈታና ስገጥም፣ ለገዢዎችም ስመረምር ስለኖርኩ የማውቀውን ልንገርህ። ክላሲክ ትሆናለች ብዬ አምናለሁ። ሸፍነህ በማስቀመጡ ግን አልስማማም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው የተመረቱትን ቁጥር ነው። ቁጥር ማነስ ብቻውን ዋጋ አያመጣም። የሌክሰስን ስፖርት መኪና ኤልኤፍኤን እይ። የተመረተችው 500 ብቻ ነው። ምርቷ እ.ኤ.አ. በ2012 ካበቃ ከዓመታት በኋላ እንኳ ሻጮች ዘንድ ያልተሸጡ አዳዲሶች ነበሩ። ዛሬ ስለዚያ በደቂቃ 9,000 ዙር ስለሚደርሰው ቪ10 ሞተሯ የማያወራ የለም፤ ያኔ ግን ፈላጊዋ ጥቂት ነበር። ኤ80ም እንደዚያው ናት። በ1993 ወጣች፤ አሜሪካ ውስጥ ገበያው ስለቀዘቀዘባት ከ1998 በኋላ መሸጧ ቀረ። ታዲያ ማን አነሳት? ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት ናቸው። በቪዲዮ ጌም ነዷት፣ በፊልም አዩዋት፣ ፎቶዋን ግድግዳ ላይ ለጠፉ። አድገው ገንዘብ ሲይዙ መጀመሪያ የፈለጉት እሷን ነው። 2ጄዜድ ሞተሯም አግዟታል። ከፋብሪካ ከወጣበት ጉልበት በላይ ብዙ ቢጫንበት ይሸከማል፤ ስሟ ከአፍ ወደ አፍ የዞረው በዚህ ነው።

ስለዚህ ዋናው ነገር የዛሬ ልጆች ያንተዋን ይወዷታል ወይ የሚለው ነው። ይወዷታል። አንዷ ለሰርቪስ መጥታ ደጅ ስትቆም ሁሌ የማየው ነገር አለ። ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ይቆማሉ። ፎቶ የሚያነሱት ፊቷን አይደለም፤ ከኋላ ጎማዋ በላይ ያበጠውን ጎኗን ነው። አንዳንዱ የሞተሯን ስም ሳይጠየቅ ይነግረኛል። እነዚህ ናቸው የነገ ገዢዎችህ።

"ቢኤምደብሊው ናት እንጂ ቶዮታ አይደለችም" የሚለው ወቀሳ አያስጨንቅህ። እውነት ነው፣ ከቢኤምደብሊው ዜድ4 ጋር አብራ የተሠራች ናት። የተገጣጠመችውም ኦስትሪያ ግራዝ ውስጥ ነው። ቢ58 ሞተሯም የቢኤምደብሊው ነው። ግን ሰው ዛሬ አጥብቆ የሚፈልገው የኤ80 ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮም ከጀርመኑ ጌትራግ የመጣ ነበር። የማክላረን ኤፍ1 ቪ12 ሞተርም የቢኤምደብሊው ነው፤ ክላሲክ አይደለም የሚለው ማንም የለም። እንዲያውም እኔ ይህን እንደ ጥቅሟ ነው የማየው። ቢ58 ብዙ ሞዴል ውስጥ ስለገባ የውሃ ፓምፑ፣ ሴንሰሩ፣ ጓርኒሲዮኑ ለረጅም ጊዜ ይገኛል። ቀድሞ የሚጠፋው የእሷ ብቻ የሆነው ነው፤ የፊት መብራቷ፣ ፓራውልቷ፣ የውስጥ ፕላስቲኮቿ።

ማኑዋል መሆኗ ትልቅ ነገር ነው። በ2019 ስትወጣ ባለ 8 ማርሽ አውቶማቲክ ብቻ ነበረች፤ ማኑዋሉ የመጣው በ2022 ነው። ሆኖም የፖርሽን ታሪክ አስታውስ። በ2013 የወጣችው 911 ጂቲ3 ማኑዋል አልነበራትም። በ2016 ፖርሽ 911 አርን በማኑዋል ብቻ አወጣ፤ የተመረቱትም 991 ብቻ ናቸው። ሰው ከፋብሪካ ዋጋዋ እጅግ በላይ ከፈለባት። በ2017 ማኑዋሉ ለጂቲ3 ሲመለስ የአር ዋጋ ወረደ። እጥረቱን ብቻ አይተው የገዙት ተጎዱ፤ መንዳቱን ወደው የገዙት ምንም አልቀረባቸውም።

አሁን ወደ ማስቀመጡ ልምጣ። ለዓመታት የተሸፈነች መኪና ለምርመራ ስትመጣልኝ ኪሎሜትሩን ከማየቴ በፊት ጎማዋን አያለሁ። ጎኑ ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ። 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ኪሎሜትሯ ትንሽ ቢሆንም ጎማው ደርቆ ይሰነጠቃል፣ በቆመበት በኩልም ይጠፈጥፋል። ፍሬን ዲስኩ ዝጓል። ቤንዚኑ ሸቷል። አይጥ ገብቶ ከሆነማ ሽቦው ተበልቷል። ባትሪዋ ሲሞት ደግሞ ዳሽቦርዱ በማስጠንቀቂያ ይሞላል። በዘመናዊ መኪና ይህ ቀላል አይደለም። ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች ከሻሲ ቁጥሩ ጋር በሶፍትዌር የተሳሰሩ ናቸው፤ ከሌላ መኪና ነቅለህ ብትገጥም ኮድ ሳይደረግ አይሠራም። ካርቡሬተር በእጅ ይጸዳል። ስክሪን ግን እንደዚያ በቀላሉ አይጠገንም፤ ብዙ ጊዜ ምትክ መፈለግ ነው። የነገ ክላሲኮችን የሚለያቸው ይህ ይመስለኛል። ኤሌክትሮኒክሷ በሥራ ላይ የቆየላት ትፈለጋለች።

ስለዚህ ንዳት። ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ ንዳት፤ ኮፈን ከፍቶ ለአምስት ደቂቃ ማስነሳት ውስጡ እርጥበት ከማጠራቀም በቀር አይጠቅማትም። የማትነዳት ወር ካለ ባትሪዋን ቻርጀር ላይ ተዋት። ማርሚታ ወይም ቸርኬ ብትቀይር ኦሪጅናሉን አትሽጥ፣ ጠቅልለህ አስቀምጥ። ሁለቱም ቁልፎች፣ የሰርቪስ ደረሰኞቹ፣ የተገዛችበት ወረቀት አንድ ላይ ይሁኑ። አቅም ካለህ ደግሞ አሁን ፋብሪካው እያቀረበው ሳለ አንድ ጥንድ የፊት መብራት ገዝተህ ያዝ።