ሐዋሳ ከመምጣታችሁ በፊት ቢላችሁን በስልክ አስቀንሱ

በገናና በጥምቀት ሰሞን ሐዋሳ በውጭ አገር በሚኖሩ ልጆቿ ትሞላለች። እንግዳው አገር ቤት አንድ ወር፣ ሁለት ወር ሲቀመጥ ጥሎት የመጣው ቤት ወጪ አይቆምም። የኢንተርኔቱ፣ የስልኩና የመኪናው ኢንሹራንስ ክፍያ ከባንክ ሂሳቡ በራሱ ጊዜ እየተቆረጠ ይቀጥላል። ብዙ ዓመት ሜሪላንድ ኖሬ አሁን ሐዋሳ የተቀመጥሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ሊጠይቁኝ የሚመጡ ዘመዶቼን ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቃቸው ስለ ቢላቸው፣ ማለትም ስለሚመጣላቸው የክፍያ መጠየቂያ ነው። አሞራ ገደል ዓሣ ሲገዙ ዋጋ ሳይከራከሩ ብር የማያወጡ ሰዎች፣ እዚያ ቤታቸው የመጣላቸውን ቢል ሁሉ ዝም ብለው ሲከፍሉ ማየት ያስቆጨኛል።

ከኢንተርኔቱ ልጀምር። አሜሪካ ውስጥ ብዙ ኩባንያዎች አዲስ ደንበኛ የሚስቡት ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት በሚቆይ የመግቢያ ዋጋ ነው። ጊዜው ሲያልቅ ዋጋው ወደ መደበኛው ይወጣል፤ ዝም ያለ ደንበኛም ከፍተኛውን እየከፈለ ይኖራል። ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሣው ሠራተኛ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋ የመቀነስ ሥልጣን የለውም። ሥልጣኑ ያለው ሊለቁ የተነሡ ደንበኞችን የሚያግባባው ክፍል ጋር ነው። ስለዚህ የሚቀበላችሁ ማሽን ለምን እንደ ደወላችሁ ሲጠይቅ «ቢሌ በዛብኝ» አትበሉ፤ «አገልግሎቱን ማቋረጥ እፈልጋለሁ» በሉ። ዓሣ ሻጩም ቢሆን የመጨረሻ ዋጋውን የሚጠራው ጀርባችሁን ስትሰጡት ነው።

ባዶ እጃችሁን ግን አትደውሉ። በእናንተው አድራሻ ሌላ ኩባንያ ለዚያው ፍጥነት ስንት እንደሚጠይቅ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከ2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢንተርኔት ኩባንያዎች ወርኃዊ ዋጋውን፣ ፍጥነቱንና ተጨማሪ ክፍያውን በአንድ ሰንጠረዥ እንዲያሳዩ ግዴታ ስላለባቸው ማነጻጸሩ ከባድ አይደለም። የራሳችሁ ኮንትራት የሚያልቅበትን ቀንና ያለጊዜው የማቋረጫ ቅጣት መኖሩንም ተመልከቱ።

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከቨርጂኒያ መጥታ እኛ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ደወለች። ሠራተኛዋ «አምስት ዶላር ልቀንስልሽ እችላለሁ» አለቻት። አመስግና ልትዘጋ ስትል እጄን አንሥቼ ከለከልኋት። «ሌላው ኩባንያ ለዚሁ ፍጥነት የሚጠይቀው በሃያ አምስት ዶላር ያነሰ ነው። እኔ እናንተው ጋር መቆየት እመርጣለሁ፤ ምን ልታደርጉልኝ ትችላላችሁ?» ብላ ከወረቀቱ አነበበችና ዝም አለች። ከወዲያ በኩል የኮምፒውተር ቁልፍ ሲመታ ብቻ ይሰማል። የአክስቴ ልጅ ጭንቅ አላት፤ እኛ ሰው እያዳመጠን ዝም ማለት ነውር ይመስለናል። እንደ ምንም ታገሠች። ሠራተኛዋ ስትመለስ ለአንድ ዓመት በየወሩ ሃያ ዶላር ቀነሰችላት፤ የሞደሙንም ኪራይ አነሣችላት። ያ ዝምታ በይሉኝታ ቢሰበር ኖሮ የሚቀነስላት አምስት ዶላሩ ብቻ ይሆን ነበር።

«እንግሊዝኛዬ አይበቃም» የሚለውን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ፤ በተለይ ከእናቶች። አማርኛ አስተርጓሚ እንዳላቸው ጠይቁ፤ በስልክ የሚያገናኙ ኩባንያዎች አሉ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ደግሞ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የአሥር ዓመት ልጃችሁን ስለ እናቱ ዕዳ እንዲያስተረጉም ስልክ አታስይዙት።

ትልቁ ገንዘብ ያለውም እዚያው ሆስፒታል ላይ ነው። የመጣው ቢል ድምሩን ብቻ የያዘ ከሆነ ደውላችሁ እያንዳንዱ አገልግሎት ከነዋጋው የተዘረዘረበትን ጠይቁ፤ ያልተደረገላችሁ ምርመራ ተቆጥሮ ልታገኙ ትችላላችሁ። በ2010 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የጤና ሕግ መሠረት፣ ከግብር ነፃ የሆኑ ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የገንዘብ ድጋፍ መመሪያ በጽሑፍ ሊኖራቸው ይገባል። ከሆስፒታል ከወጣችሁ በኋላ የመጀመሪያው ቢል ከመጣ ጀምሮ እስከ 240 ቀን ድረስ ማመልከት ትችላላችሁ። ማመልከቻውን ሳትጠይቁ በክሬዲት ካርድ አትክፈሉ፤ የሆስፒታሉ ዕዳ ወለድ ወዳለው የባንክ ዕዳ ይቀየርባችኋል።

መብራትና ውኃ ሌላ ናቸው። ታሪፋቸውን የሚያጸድቀው ተቆጣጣሪ አካል ስለሆነ በመከራከር አይቀንስም፤ የተጠራቀመውን ግን በየወሩ ከፋፍሎ ለመክፈል መስማማት ይቻላል። ሜሪላንድ ያላችሁ አንድ ነገር እዩ፤ የመብራት አቅራቢ መምረጥ ስለሚቻል በር አንኳኩቶ የመጣ ሻጭ አስፈርሟችሁ ሊሆን ይችላል። ቢሉ ላይ የአቅራቢውን ስምና ዋጋ ተመልከቱ፤ ከመብራት ኩባንያው መደበኛ ዋጋ የሚበልጥ ከሆነ ደውላችሁ ወደ መደበኛው ተመለሱ።

እንግሊዝ ያላችሁ ደግሞ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የኢንተርኔትና የስልክ ኩባንያዎች ኮንትራታችሁ ሊያልቅ ሲል እንዲያሳውቋችሁ ግዴታ አለባቸው። ያ መልእክት ሲመጣ ሳታሳድሩ ደውሉ።

ሳትደውሉ ሐዋሳ ከደረሳችሁም አልረፈደም፤ ዝግጅቱ ግን እዚያው እያላችሁ ነው። ከሐዋሳ በአሜሪካው ቁጥራችሁ እንድትደውሉ፣ በዋይፋይ የመደወያውን አገልግሎት አሜሪካ ሳላችሁ ስልካችሁ ላይ አስከፍቱ። ኩባንያዎቹ ማንነታችሁን የሚያረጋግጡበት ኮድ የሚመጣው በዚያው በአሜሪካው ቁጥር ስለሆነ፣ ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ መስመሩን አታዘጉት፤ ወደ ዝቅተኛው ክፍያ አስቀይሩት። የመኪናውንም ኢንሹራንስ ዝም ብላችሁ አታቋርጡ፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሰሌዳ ሳይመልሱ ማቋረጥ ቀን በቆጠረ ቁጥር የሚያድግ ቅጣት ያመጣል። መኪናው ቆሞ ለሚሰነብትበት ጊዜ ምን ቅናሽ እንዳለ ጠይቁ።

በምሥራቅ አሜሪካ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ሐዋሳ በእነርሱ በጋ አሥር ሰዓት፣ በእነርሱ ክረምት አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ሠራተኛው እንደቀረበ አስቀድማችሁ ስሙንና ተመልሶ የሚደውልበትን ቁጥራችሁን ተለዋወጡ፤ መብራት ጠፍቶ ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንደገና ወረፋ አትይዙም። ከመዝጋታችሁ በፊት አዲሱን ዋጋ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና የጥሪውን መለያ ቁጥር በኢሜይል እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የሚቀጥለው ቢል በአሮጌው ዋጋ ከመጣ ያንን ኢሜይል ይዛችሁ ደውሉ።