መልስ፦ ለጀማሪ መሪ የሚቀል የትረካ ጨዋታ

የትረካ ጨዋታ (መሪው ሁኔታውን እየተረከ፣ ተጫዋቾቹ ባለታሪኮቻቸው የሚያደርጉትን የሚመርጡበት) ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመራ ቀላሉን ከጠየቅህ፣ "ሌዘርስ ኤንድ ፊሊንግስ" የሚባለውን ያዝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጓደኞችህን ለእሁድ ቀጥረህ የሌላ ጨዋታ ወፍራም የደንብ መጽሐፍ አላልቅ ካለህ፣ የዚህኛው ደንብ በሙሉ አንድ ገጽ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል።

ተጫዋቹ ከ2 እስከ 5 አንድ ቁጥር ይመርጣል። በስሌትና በዕውቀት ሲሠራ ዳይሱ ከቁጥሩ በታች፣ በስሜትና በአንደበት ሲሆን ከቁጥሩ በላይ ከወጣ ተሳካለት። የሉዶ ዳይስ ይበቃችኋል።

ታሪኩ የጠፈር መርከብ ላይ ነው። ካልጣማችሁ ከአልዩ አምባ ወደ አንኮበር አሞሌ ጨው የጫኑ ነጋዴዎች አድርጋቸው፤ እኔ እንዲያውም ይሄን እመርጣለሁ። "ጭጋጉ ወርዷል፣ የፊተኛው በቅሎ አልሄድም ብሎ ቆሟል፤ ምን ታደርጋላችሁ?" ብለህ ጀምር።

አደራ፣ መጨረሻውን አስቀድመህ አትወስን። ስመራ እንዳየሁት፣ ተጫዋቾች ምርጫቸው ለውጥ እንደማያመጣ ሲገባቸው ወዲያው ስልካቸውን ያወጣሉ።