መልስ፦ ክሎክን ሆን ብሎ ማዘግየት

"ሴትአፕ አልሞላ ያለኝን ፍሊፕ ፍሎፕ፣ ክሎኩ ላይ በፈር ጨምሬ ባዘገየው ችግር አለው?" ላልከው፦ የለውም፣ የታወቀ ዘዴ ነው። ፍሊፕ ፍሎፕ በክሎኩ ምት ዳታ የሚይዝ የቺፕ ክፍል ነው፤ ሴትአፕ ዳታው ከምቱ በፊት ደርሶ መርጋት ያለበት ጊዜ ነው፤ በፈር ደግሞ ምልክቱን የሚያዘገይ ትንሽ ሰርኪዩት ነው። ግን ጊዜው ከሰማይ አይወርድም፤ ከቀጣዩ መንገድ የምትበደረው ነው። የክሎክህ አንድ ዙር 1000 ፒኮሰከንድ ነው እንበል። ወደ ፍሊፕ ፍሎፑ የሚገባው መንገድ (ገቢው) ሴትአፑን ጨምሮ 1050 ይፈጃል፣ ከእሱ የሚወጣው (ወጪው) ደግሞ 800። በ100 ብታዘገየው ገቢው 1100 ያገኛል፣ ወጪው 900 ይቀረዋል። ሁለቱም ያልፋሉ። ወጪው 950 ቢሆን ኖሮ ግን በ100 ማዘግየት ችግሩን ማሻገር ብቻ ነበር።

ዋናው ጣጣ ሆልድ ነው፤ ማለትም ዳታው ከምቱ በኋላ ሳይለወጥ መቆየት ያለበት ጊዜ። ወደዚያው ፍሊፕ ፍሎፕ የሚገባ ሌላ አጭር መንገድ ካለ፣ አዲሱ ዳታ ቶሎ ደርሶ የቆየውን ይደመስሰዋል። ሴትአፕ ቢበላሽ ፍጥነቱን ቀንሰህ ትገላገላለህ፤ በሆልድ የተበላሸ ቺፕ ግን አለቀለት።

በፈሩን ከክሎክ ዛፉ (ክሎኩን ለፍሊፕ ፍሎፖቹ ከሚያከፋፍለው መረብ) ጫፍ፣ እዚያው ፍሊፕ ፍሎፑ አጠገብ አስገባው። ወደ ግንዱ ከወጣህ ሌሎቹንም ይዘህ ታዘገያለህ። ከዚያ ሆልዱን በሁሉም ኮርነር (የቮልቴጅ፣ የሙቀትና የአመራረት ልዩነት ጥምረት) ደግመህ ቼክ አድርግ፣ በተለይ በፈጣኑ።