ጽሑፍሽን በፕሌን ቴክስት ስታስቀምጪ ኢንኮዲንጉን እዪ

እህቴ፣ ጥያቄሽን እንደተረዳሁት በዎርድ የጻፍሽው ረጅም ጽሑፍ ለዓመታት እንዲቆይልሽ ትፈልጊያለሽ። «ሴቭ አዝ» ስትዪ ግን ፕሌን ቴክስት (ፊደሉን ብቻ ያለ ቅርጽ የሚያስቀምጠው)፣ ሪች ቴክስት፣ ሌላም ሌላም ይደረደራል። ፕሌን ቴክስቱን ስትሞክሪው ደግሞ አማርኛው በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነብሽ። ሥራዬ የሰው ጽሑፍ ተቀብዬ ማረም ነው፤ ይህ ነገር በየጊዜው ይገጥመኛል።

ፕሌን ቴክስት መምረጥሽ ልክ ነው። የትኛውም ኮምፒውተር፣ የትኛውም ስልክ ይከፍተዋል። የጎዳሽ ኢንኮዲንጉ ነው፤ ማለትም ኮምፒውተሩ ፊደልን በቁጥር የሚያስቀምጥበት መንገድ። ዎርድ ፋይሉን ሊያስቀምጥ ሲል ትንሽ መስኮት ያመጣል። እዚያ ላይ ቀድሞ የሚመረጠው «ዊንዶውስ ዲፎልት» ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የላቲን ፊደል ብቻ የሚያውቅ የቆየ አሠራር ነው። ለግዕዝ ፊደል ቦታ ስለሌለው በምትኩ የጥያቄ ምልክት ይጽፋል። መስኮቱ ራሱ የሚበላሸውን ጽሑፍ በቀይ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው «ኦኬ» ይላል። አንቺ «አዘር ኢንኮዲንግ» የሚለውን ነክተሽ ዩቲኤፍ-8ን ምረጪ፤ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ ሥርዓት የተሠራ ኢንኮዲንግ ነው። ዝርዝሩ ውስጥ «ዩኒኮድ» ብቻ የሚልም አለ። እሱ ዩቲኤፍ-16 የሚባለው ሌላ ኢንኮዲንግ ነው፤ ፊደል አያጠፋም፣ ግን የማያነቡት ፕሮግራሞች ስላሉ ተዪው። «ኢንሰርት ላይን ብሬክስ» የሚለውንም አትንኪው፤ አንቀጽሽን በየመስመሩ ይቆራርጠዋል። ሊብሬኦፊስ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከሆነ የምትሠሪው፣ ኢንኮዲንግ የሚያስመርጠውን የቴክስት ዓይነት ውሰጂ።

አሁን ዋናው ነገር። ፋይል ተበላሸ ሲባል ሁሉም ብልሽት አንድ አይደለም። የጥያቄ ምልክት ካየሽ ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የለም፤ ፎንት ብትቀያይሪም አይመለስም። ወደ ዎርዱ ፋይል ተመልሰሽ እንደገና ማስቀመጥ ብቻ ነው። ባዶ አራት ማዕዘን ካየሽ ግን ጽሑፉ ደህና ነው፤ ያ መሣሪያ የግዕዝ ፎንት የለውም ማለት ነው። ሦስተኛው ብዙ ሰው የሚያስደነግጠው ነው፦ በላይዋ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየቦታው እየተመላለሰች ትርጉም የሌለው ነገር ይሞላል። ይህም ይድናል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት (የኮምፒውተር ትንሽ የማከማቻ ቦታ) ይይዛል፤ የመጀመሪያው ባይት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ፕሮግራሙ በላቲን አሠራር ሲያነበው ያቺን «ኤ» ያሳያል። እንደዚያ ሆኖ ሳለ ሴቭ አታድርጊው። ዝጊው፣ ከዚያ ዩቲኤፍ-8 ብለሽ ክፈቺው።

ሪች ቴክስትን በተመለከተ፣ ደማቅና ሰያፍ ጽሑፍ ይጠብቃል። ማይክሮሶፍት በ1987 ያወጣው ነው፤ ከ2008 ወዲህ ግን አልታደሰም። ውስጡን ብታዪው እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል በቁጥር ኮድ የተጻፈ ነው፤ ያለ ዎርድ ወይም መሰል ፕሮግራም አይነበብም። ለረጅም ጊዜ ማቆያ እኔ አልመርጠውም። ምዕራፍና ንዑስ ርዕስ የበዛበት ከሆነ ማርክዳውን ይሻልሻል። እሱም ተራ ቴክስት ነው፤ ርዕሱን በ# ምልክት፣ ደማቁን በሁለት ኮከብ ታመለክቺዋለሽ። ያለ ልዩ ፕሮግራም እንዳለ ይነበባል።

ሥዕልና የሠንጠረዥ መስመር በፕሌን ቴክስት አይተርፉም። ስለዚህ የዎርዱን ፋይል አትጣዪው፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጪ።

አንድ ነገር ግን ሳትጀምሪ አጣሪ። ጽሑፉ ዩኒኮድ ባልሆነ በድሮ ፎንት የተተየበ ከሆነ፣ ዩቲኤፍ-8ም አያድነውም። በእነዚያ ፎንቶች ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የላቲን ፊደል ነው፤ ግዕዝ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፕሌን ቴክስት ፎንት ስለማይዝ የሚቀርሽ የተዘበራረቀ ላቲን ይሆናል። ለማወቅ አንድ አንቀጽ ምረጪና ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን ቀይሪው። አማርኛው ካልተለወጠ ዩኒኮድ ነው፣ ቀጥዪ። ወደ ላቲን ከተለወጠ መጀመሪያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ አዙሪውና ከዋናው ጋር አስተያዪው። በተለይ ዲቃላ ፊደላትንና ሥርዓተ ነጥቡን በዓይንሽ እዪ፤ እኔ ስህተት የማገኘው ብዙ ጊዜ እዚያ ላይ ነው።