የቤሩቱን ጉዞ ማን ይክፈልልኝ?

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? ባሕር ዳር በግሌ የምሠራ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ነኝ። ቤሩት በሰው ቤት ስለሚሠሩ እኅቶቻችን ኑሮ እዚያው ሄጄ መዘገብ እፈልጋለሁ፤ ለቲኬት እንኳ አቅም የለኝም። አንድ የሥራ አገናኝ ኤጀንሲ «እኛ እንሸፍንልሽ» ብሎኛል። ልቀበል?
(ከሽምብጥ)

መልስ፦ አትቀበዪ፣ እኅቴ! የ2008ቱ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 የሠራተኛዋን ቪዛና የደርሶ መልስ ትኬት አሠሪው እንዲከፍል ያዛል። አንቺ የምትጠይቂው በተግባር ማን እንደከፈለ ነው፤ የኤጀንሲ ገንዘብ ይዘሽ እንዴት ትጠይቂያለሽ? ከሠራተኞቹ እናቶችም መዋጮ አትሰብስቢ። «ልጄን ፈልጊልኝ» የሚል አደራ ይከተለዋል፤ ያን መሸከም አትችይም።

ፑሊትዘር ሴንተርና ዓለም አቀፉ የሴቶች ሚዲያ ፋውንዴሽን የተባሉ ድርጅቶች ለዘገባ ሥራ ድጋፍ ይሰጣሉ። ማመልከቻሽ ላይ ግን «የሴቶች ኑሮ» ብለሽ አትለፊው። ከፋላ የሚባለው አሠራር የሠራተኛዋን የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር ያስረዋል፤ ተበድላ ከቤት የወጣች ሴት በአንድ ሌሊት ሕገ ወጥ ትሆናለች። የት ታድራለች? ስትታመም ማን ያሳክማታል? አንዱን ጥያቄ ያዢ።

ሳትሄጂ ጀምሪው። ከቤሩት ተመልሳ ጣና ዳር ቡና የምታፈላ ሴት ካገኘሽ፣ ፈቃዷን ጠይቀሽ ድምፅዋን ቅጂ። ፓስፖርቷን ማን ይዞባት እንደነበር፣ ደመወዟ በማን እጅ ያልፍ እንደነበር ትንገርሽ። ቅጂውን ከማመልከቻው ጋር ላኪ። ዘገባውን የሚያስተላልፍልሽ ጣቢያ ደብዳቤም ያስፈልግሻል። በጀቱ ላይ አስተርጓሚና ኢንሹራንስ አትርሺ።

ዕቁብሽ ከደረሰሽ ለቪዛው አውዪው፤ ብድር ግን አትግቢ።